የውሰት አንሶላና የአንድ ገጽ ሪፖርት

ጋሽ ቆጣሪ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው በር ሲያንኳኩ ኖሩ። ሥራቸው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣላቸው፣ እንደ ወጣም ቀረ። መዝገባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ የእጅ ባትሪያቸውን በኪሳቸው ከትተው በወር ስድስት መቶ ያህል ግቢ ያዳርሱ ነበር። የሀብታምም ሆነ የድሃ ቆጣሪ ያለው መሬት ውስጥ፣ በብረት ክዳን ሥር ነው፤ ሊያነበው የፈለገ ሁሉ መንበርከክ አለበት። እሳቸውም ለሁሉም እኩል ተንበረከኩ። ከዚያ ሁሉ መንበርከክ የተረፋቸው ሁለት ነገር ነው፤ የማይታዘዝ ጉልበትና የማይሸነገል ዓይን።

ግቢ ሲገቡ ባለቤቱ የሚኮራበትን ሳሎን ትተው ያላሰበበትን ጓሮ ያያሉ። ከተሰጣው ልብስ፣ በር ላይ ከተደረደረው ጫማ፣ ከግድግዳው እርጥበት ተነሥተው በዚያ ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተኳረፈ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ያወቁትን ግን ለማንም አይተነፍሱም። «እኔ የማነበው ውሃ ነው፣ ወሬ አይደለም» ይሉ ነበር።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት የከተማው ፋውንዴሽን ጸሐፊ ቤታቸው ድረስ መጣች። ፋውንዴሽኑን ያቋቋሙት የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው። ያለው ብዙ፣ የሌለው ጥቂት ያስቀምጥበታል። ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ በየዓመቱ የሚያፈራው ትርፍ ግን እዚያው አካባቢ ለሚሠሩ ትናንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ይከፋፈላል። አንዳንዱ ሰው ሲሞት ንብረቱን ትቶለት ይሄዳል፤ ያ ገንዘብ ለብቻው ተቀምጦ በሟቹ ሙያ ወይም በስሙ ይጠራል፣ ለምን እንደሚውልም የሚያዝዘው ኑዛዜው ነው። ከእነዚህ አንዱ «የጫማ ሰፊው ፈንድ» ይባላል። ጫማ ሰፊው ልጅ አልነበረውም። አርባ ዓመት የሰው ጫማ ጠግኖ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ራሱ ጫማ የማያስፈልገው ሰው ሆኖ፣ አልጋ ላይ ቆይቶ ሞተ። ሱቁንና ቤቱን ሲናዘዝ ያጻፈው ቃል አንድ መስመር አይሞላም፤ «መነሣት ላቃታቸው» ይላል።

«ጋሼ» አለች ጸሐፊዋ፣ «ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሞልቶናል። ቤት ማየት የሚያውቅ ሰው ነው ያጣነው።»

«ደመወዝ አለው?»

«የታክሲ ብቻ ነው።»

«ታክሲውን ተዪው። እግር አለኝ።»

በዚህ ሁኔታ የፋውንዴሽኑ ጎብኚ ሆኑ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ገንዘብ ለመጠየቅ ያመለከተ ማኅበር ሁሉ ዘንድ ሄደው፣ ያለበትን አይተው፣ አንድ ገጽ ይጽፋሉ። ከአካባቢው የተመረጡ ሰባት የኮሚቴ አባላት ማመልከቻውንም ሒሳቡንም ያገላብጡና እጅ ከማውጣታቸው በፊት «ጋሽ ቆጣሪ ምን አሉ?» ይላሉ። የአንድ ገጹ ቃል የአርባ ገጹን ይረታ ነበር። ጋሽ ቆጣሪ ይህን ያውቃሉ። አይናገሩትም እንጂ ይኮሩበታል።

አንድ ጊዜ «ወላጅ ያጡ ሕፃናት እናሳድጋለን» ያለ ማኅበር ለጉብኝቱ ቀን የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ በየአልጋው ላይ አስቀምጦ ጠበቃቸው። ጋሽ ቆጣሪ አንዱን ሕፃን «አልጋህ የቱ ነው?» ቢሉት በመስኮት አሻግሮ የእናቱን ቤት ጠቆማቸው። በዚህ ተናድደው ራሳቸው አንድ ደንብ አቀረቡ፤ ለጉብኝት ብሎ ቤቱን ያልሆነውን ያስመሰለ ማኅበር ለሦስት ዓመት ማመልከቻው አይታይም የሚል። ኮሚቴው በጭብጨባ አጸደቀው። ደንቡንም ሰው ሁሉ «የጋሽ ቆጣሪ ደንብ» አለው።

የጎብኚነታቸው ስድስተኛ ዓመት ላይ «የጎረቤት እጅ» የተባለ ማኅበር ከጫማ ሰፊው ፈንድ እንዲሰጠው አመለከተ። ማኅበሩ ዘጠኝ ሴቶች ናቸው። የአልጋ ቁራኛ ወደሆኑ ሰዎች ቤት እየሄዱ ገላቸውን ያጥባሉ፣ ያገላብጣሉ፣ አንሶላ ይቀይራሉ፤ የቆሸሸውን ተሸክመው ወደ ማኅበሩ ቤት ወስደው ያጥባሉ። በዚያን ጊዜ አርባ አንድ ሕሙማን ነበሯቸው። መሪያቸው ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሠራች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ የነጣ ሴት ናት። ጓደኞቿ እትዬ በረኪና ይሏታል። አትቆጣም። «እናንተ ሽቶ ትገዛላችሁ፣ እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው የተቀባሁት» ትላለች።

የጉብኝት ቀን በደብዳቤ አስቀድሞ ይነገራል፤ የፋውንዴሽኑ ወግ እንደዚያ ነበር። ጋሽ ቆጣሪ በቀጠሮው ቀን ሲደርሱ ዝናብ ይጥላል፣ ጉልበታቸውም ሌሊቱን ሲነዝራቸው አድሯል። ዘጠኙ ሴቶች በር ላይ ተሰልፈው ጠበቋቸው። ጃንጥላቸውን አንዷ ተቀበለች፣ ኮታቸውን ሌላዋ። ወዲያው ባለመደገፊያ ወንበር ቀረበላቸው፣ ለጀርባቸው ትራስ ተደረገላቸው፣ ሻይ በወርቅ ቅብ ስኒ መጣ።

ሰው ናቸውና ልባቸው ሞቀ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ «ቆጣሪው መጣ፣ ውሻውን እሰሩ» ያላቸው እንጂ «ይቀመጡ» ያላቸው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አሁን ዘጠኝ ሴቶች ቆመው እሳቸው ተቀምጠዋል። ክፍሉን ከተቀመጡበት ሆነው ቃኙት። ወለሉ ያብለጨልጫል። ወንበሩ አንድ ዓይነት ነው። የማጠቢያ ማሽኑ ጥልፍ ለብሷል። ቁም ሣጥኑ ተከፍቷል፣ ነጭ አንሶላ ከታች እስከ ላይ ተቆልሎበታል።

«እሺ፣ ምን ይጎድላችኋል?» አሉ።

እትዬ በረኪና አንገቷን ሰበር አደረገች። «ተመስገን ነው ጋሼ። እርስዎ ቤታችን ገብተውልን ምን ይጎድለናል?»

ማመልከቻው ላይ ግን ውሃ እንደሌላቸው፣ ማሽኑ እንደ ተሰበረ፣ አንሶላ እንዳለቀባቸው ተጽፏል። ጋሽ ቆጣሪ ወረቀቱን አዩ፣ ቁም ሣጥኑን አዩ። «ሲለምን የማያጋንን የለም» አሉ በልባቸው። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ግቢ ለማየት ተነሡ፣ ዝናቡ በረታ፤ «ጋሼ፣ ይረጥባሉ!» ብለው ሴቶቹ መልሰው አስቀመጧቸው። ሁለተኛ ሻይ ጠጡ። ቤታቸው ገብተው እንዲህ ጻፉ፤ «ቤቱ ንጹሕ፣ ዕቃው የተሟላ፣ አንሶላው ብዙ ነው። ችግራቸው በማመልከቻው የተባለውን ያህል አይደለም። ሌሎች ቢቀድሙ ይሻላል።»

ሌሎች ቀደሙ። ከጫማ ሰፊው ፈንድ የዓመቱ ትርፍ ግማሹ ዊልቸር ለሚጠግን ማኅበር ተሰጠ። የቀረው፣ ኑዛዜው ለሌላ ነገር እንዲውል ስለማይፈቅድ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ ተባለ። «የጎረቤት እጅ» በሁለት መስመር ደብዳቤ ተሰናበተ።

ሁለት ወር አለፈ።

ጋሽ ቆጣሪ በውሃ መሥሪያ ቤት ሳሉ አብሯቸው የሠራ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። በስምንት ዓመት ያንሳቸዋል፤ ነገር ግን ለሠላሳ ዓመት አንድ መሰላል ተጋርተዋልና ከቤታቸው ሰው በቀር «አንተ» የሚላቸው እሱ ብቻ ነው። ዓመት ከመንፈቅ በፊት አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። ጋሽ ቆጣሪ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይጠይቁት ነበር። ኋላ በየወሩ ሆነ። ከዚያ የማያውቁትን ሰው ሲጎበኙ የሚያውቁትን ዘነጉ። አንድ ጠዋት ትዝ ብሏቸው ሄዱ።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት፣ ቀጭን፣ ወገቧ የጎበጠ ሴት። ክፍሉ ውስጥ የታፈነ ሽታ ተቀበላቸው።

«ማነው? ውሃ ልትቆርጡ ነው?» አለ ቧንቧ ሠራተኛው ከአልጋው።

«እኔ ነኝ፣ አንተ ምላሰኛ።»

«መሆንህንማ በጫማህ አውቄያለሁ። ዛሬም ግራ እግርህን ትጎትታለህ። ተቀመጥ፣ የሞትኩ መስሎህ ነው አይደል የመጣኸው?»

ጋሽ ቆጣሪ ሊቀመጡ ሲሉ አልጋውን አዩ። አንሶላ የለውም። ሰውየው የተኛው ፍራሽ ላይ በተዘረጋ ላስቲክ ነው፣ በላዩ ያረጀ ቀሚስ ተነጥፎበታል።

«ምነው? ‹የጎረቤት እጅ› የሚባሉት ሴቶች ወደዚህ አይመጡም እንዴ?»

«ይመጣሉ እንጂ። ድሮ በሳምንት ሦስቴ፣ ዛሬ በሁለት ሳምንት አንዴ። ምን ያድርጉ? ውሃ በጀርባቸው ተሸክመው አጥበው እስኪያደርቁ ወሩ ያልቃል። አንሶላም የላቸውም።»

«ምን አንሶላ የላቸውም ትላለህ? ቁም ሣጥን ሙሉ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ!»

ቧንቧ ሠራተኛው ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለውጦ ሚስቱ ራሱን ደግፋ እስክትይዘው ድረስ ሳቀ። «አንተ ነህ እንዴ እንግዳው? ወይ ጉድ! ያ አንሶላ የፔንሲዮኑ ነው። ሊመሽ ሲል መለሱት። ወንበሩ የፀጉር ቤቱ ነው።»

«ወርቅ ቅቡ ስኒ ደግሞ የኔ ነው ጋሼ» አለች ሚስቱ እያፈረች። «አንዱ ጆሮው ተሰብሮ ነው የተመለሰው። ግን ለክብር የዋለ ዕቃ ነው ብዬ ምንም አላልኩም።»

«ማሽኑስ?»

«ማሽኑ የራሳቸው ነው» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። «ከሞተ ቆየ እንጂ። ጥልፉን ያለበሱት ለከፈን ነው።» ከዚያ ሳቁን ትቶ ወዳጁን ትኩር ብሎ አያቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ቆጣሪያቸውን አላየህም?»



ሚስቱ ልታገላብጠው ስትታገል ጋሽ ቆጣሪ ተነሥተው አገዟት፣ ጀርባውንም ያኔ አዩት። ከወገቡ በታች የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበር፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ መካከሉ የጎደጎደ። ቧንቧ ሠራተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «እኔ እንኳ አይሰማኝም» አለ። «እሷን ነው የሚያማት።»

በማግሥቱ ማልደው፣ ሳይነግሩ፣ «የጎረቤት እጅ» ግቢ ደረሱ። በሩን አላንኳኩም። ወደ ጓሮ ዞረው የብረቱን ክዳን አነሡና ተንበረከኩ። የቆጣሪው መስታወት አፈር ለብሷል። መርፌው ቆሟል። ቧንቧው ላይ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የእርሳስ ማኅተም ተንጠልጥሏል፣ ቀኑም ተጽፎበታል፤ ጉብኝቱ ከመደረጉ ሦስት ወር በፊት የተቆረጠ ነው። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት በየቀኑ የሠሩትን ሥራ፣ ወንበር ስለ ተሰጣቸው፣ ያን ቀን ብቻ ሳይሠሩት ቀሩ።

እንደ ተንበረከኩ እትዬ በረኪና በሁለት እጇ ጀሪካን አንጠልጥላ ገባች።

«ጋሼ! ምነው ሳይነግሩን?»

«ብነግራችሁማ ወንበር ትዋሳላችሁ።»

ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ መሬት አስቀመጠች። ከኋላዋ፣ በግድግዳው ጥግ፣ ያልታጠበ አንሶላ ተከምሯል።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አሉ ጋሽ ቆጣሪ እየተነሡ።

«አልዋሸሁም። እውነቱ ማመልከቻው ላይ አለ፣ እኔ ራሴ ነኝ ያስጻፍኩት። እዚያ ላይ ገበናችንን አውጥተን ሰጥተናችኋል። ወረቀት ዓይን የለውም፣ አይታፈርም። እርስዎ ግን ሰው ነዎት። የትልቅ ሰው ኮት ለብሰው ሲመጡ ይሄን ክምር ፊትዎ ላስቀምጠው?»

«ምን ይጎድላችኋል ብዬ ጠየቅሁሽ እኮ!»

«እኔ ቤትዎ መጥቼ፣ ሻይዎን ጠጥቼ፣ ዘመዶችዎ ፊት ምን ይጎድልዎታል ብልዎት ይነግሩኛል?»

ጋሽ ቆጣሪ ሚስታቸው በታመመችበት ዓመት ለጠየቃቸው ሁሉ «ደህና ናት፣ ተሽሏታል» ሲሉ ነበር። እስከ ቀብሯ ዋዜማ ድረስ።

እትዬ በረኪና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ደንቡን አውቀዋለሁ። አስመስላችኋል ተብሎ ከተነገረብን ሦስት ዓመት አይታይልንም፣ አለቀልን። እንዳላዩ ይሁኑልን። በሚቀጥለው ዓመት እናመለክታለን።»

«የወዳጄ ጀርባ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል?»

«አይጠብቅም» አለች። «ከሕሙማኑ አራቱ ቆስለዋል። የአንዷ አጥንቷ ታይቷል።» እና ጀሪካኖቿን አንሥታ ገባች፤ ሥራ ነበረባት።

እንግዲህ ጋሽ ቆጣሪ በራሳቸው ገመድ ታሰሩ። ቢናገሩ፣ ያወጡት ደንብ ማኅበሩን ለሦስት ዓመት ይዘጋበታል። ዝም ቢሉ፣ የጫማ ሰፊው ገንዘብ ተቀምጦ ሰዎቹ ዓመት ሙሉ በላስቲክ ላይ ይበሰብሳሉ።

እሁድ ከቀትር በኋላ የፋውንዴሽኑን መተዳደሪያ ደንብ ይዘው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። አብራቸው የምትኖር ሴት ልጃቸው ልብስ ትተኩሳለች።

«አባዬ፣ ዝም ብትል ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«አንተማ ሁሉንም ታውቃለህ። ለዚህ ነው እንቅልፍ የሌለህ።»

ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሳይጎበኝ ውድቅ የሆነ ማመልከቻ እንደገና ይታያል ይላል። ቀጥሎ ያለው መስመር ደግሞ ሳይጎበኝ «ጎብኝቻለሁ» ብሎ የፈረመ ጎብኚ ይሰናበታል ይላል። ልጃቸው በትከሻቸው ላይ አጎንብሳ አነበበችው፣ ሐሳባቸውም ገባት።

«እንዲህ ብለህማ አትናገርም! ስድስት ዓመት የለፋህበትን ስም! ደግሞ ውሸት ነው። ሄደሃል እኮ።»

«ሄጃለሁ። ተቀምጫለሁ። ጠጥቻለሁ» አሉ ጋሽ ቆጣሪ። «አላየሁም።»

ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ተሰበሰበ። ሰብሳቢው መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነው፣ ቃል የሚመዝን፣ እንደ መድኃኒቱ። ከአባላቱ መካከል ምላሱ የሚፈራ ኮንትራክተር አለ። ጋሽ ቆጣሪ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር ተነሥተው ቆሙ።

«ስለ ‹የጎረቤት እጅ› የጻፍኩት ሪፖርት ይሰረዝልኝ» አሉ።

«ምን ተገኘ?» አለ ሰብሳቢው።

የሆነውን ሁሉ አንድም ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ወንበሩን፣ አንሶላውን፣ ስኒውን፣ የተቆረጠውን ውሃ፣ የወዳጃቸውን ጀርባ።

ኮንትራክተሩ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ጋሼ፣ ታዲያ አስመሰሉ ማለት ነዋ። ደንቡ የእርስዎ ነው። ሦስት ዓመት። ሕፃን የተዋሰውን ስንቀጣ አንሶላ የተዋሰውን ልንሸልም ነው?»

«ሕፃን የተዋሱት ገንዘብ ለመቀበል ነው። እነዚህ የተዋሱት እንግዳ ለማክበር ነው፣ በዚያም የሚገባቸውን አጡ። ደንቡን ሳወጣ ይህ አልታየኝም ነበር። ግን ክርክሬ በዚያ አይደለም።»

«በምን ነው?»

«ጉብኝት አልተደረገም።»

ጸሐፊዋ ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሣች፤ የደንቡን የሚቀጥለውን መስመር ታውቀዋለች።

«ቆጣሪ አላየሁም» አሉ ጋሽ ቆጣሪ። «ጓሮ አልዞርኩም። ማሽኑን ክፈቱልኝ አላልኩም። አንድ ሕመምተኛ ቤት አልረገጥኩም። ትራስ ተደገፍኩና ሻይ ጠጣሁ። ያ እንግድነት ነው፣ ጉብኝት አይደለም። ‹ጎብኝቻለሁ› ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያልተደረገ ጉብኝት ላይ አስመሰሉ አይባልም። ማመልከቻቸው እንዳልተጎበኘ ተቆጥሮ እንደገና ይታይላቸው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ጋሽ ቆጣሪ፣ ቀጥሎ ያለውን መስመር አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እንዲህ ባይሉስ? ሌላ ቃል እንፈልግለት።»

«ሌላ ቃል የለውም።»

ብዙ ተከራከሩ። አንዱ «የአንድ ቀን ስሕተት ነው» አለ፣ ሌላዋ «ደንቡን ዛሬ ከጠመዘዝነው ነገ ማን ያቃናዋል?» አለች። ጋሽ ቆጣሪ ውጭ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። በመጨረሻ ብቅ ያለው ኮንትራክተሩ ነበር። ሁለቱም ነገር በአንድ ድምፅ አልፏል፤ ማመልከቻው እንደገና ይታያል፣ ጎብኚው ይሰናበታሉ።

«እኔ ነኝ የምጎበኛቸው» አለ ኮንትራክተሩ። ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር። «ምን ምን ልይ?»

«ሳትነግራቸው ሂድ። ከተቀበሉህ አትቀመጥ። አንሶላ ካሳዩህ ጠርዙ ላይ የማን ስም እንደ ተጠለፈ እይ።»

ኮንትራክተሩ በሦስተኛው ቀን ሄደ። ከእትዬ በረኪና ጋር አምስት ቤት ዞሮ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ይዞ ተመለሰ። ሪፖርቱ አራት መስመር ነበር፤ የመጨረሻው መስመር «ዛሬውኑ ይሰጣቸው» ይላል። ከጫማ ሰፊው ፈንድ ሳይከፋፈል የቀረው ለማኅበሩ ሄደ። ውሃው ተቀጠለ። ማሽኑ ተጠገነ። አንሶላ ተገዛ፣ በዚህኛው ጠርዝ ላይ የማንም ስም የለበትም። አጥንቷ ለታየው ሴት ግን አልደረሰላትም፤ አንሶላው በተገዛ ሳምንት ተቀበረች። እትዬ በረኪና የመጀመሪያውን አዲስ አንሶላ ለእሷ ከፈን አደረገችው።

የስንብቱን ደብዳቤ ጸሐፊዋ በእጇ አመጣችው። በር ላይ ቆማ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ እዚህ ሥራ ያስገባሁዎት» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቆመው አነበቡት፣ በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ምን ያስለቅስሻል? ደመወዝ አይደለም የቀረብኝ። የታክሲም አልወሰድኩ።»

ያን ቀን ቤታቸው አልተቀመጡም። ሰው «ምን ሆኑ?» እንዲላቸው አልፈለጉም። በቀጥታ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ቤት ሄዱ። እትዬ በረኪና ቀድማ ደርሳለች፤ አልጋው ነጭ ለብሷል፣ መስኮቱ ተከፍቷል።

«በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለበት» ትላለች ለሚስቱ። «እኛ በቀን አንዴ እንመጣለን። የቀረውን አንቺ ብቻሽን አትችዪውም፣ ወገብሽ ይሰበራል። ሰው የለሽም?»

«አለ» አሉ ጋሽ ቆጣሪ ከበሩ።

እትዬ በረኪና ዞር ብላ አየቻቸው። የተደረገውን ሁሉ ሰምታለች። አላመሰገነችም። ጉብኝት አልነበረም ከተባለ የሚመሰገንበት ነገር የለም፤ ሁለቱም ያውቁታል። «እጅዎን ይታጠቡ» አለች ብቻ።

ታጠቡ። የአንሶላውን ግማሽ ጠቅልላ ከጀርባው ሥር አስገባች፣ ጫፉን አስያዘቻቸው። «ስልዎት ቀስ ብለው ይሳቡ።» ጋሽ ቆጣሪ ፈጥነው ሳቡ።

«ጋሼ! ሰው ነው እኮ!»

«ተይው» አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ፊቱ ትራስ ውስጥ እንዳለ። «ገና ጀማሪ ነው። መሰላል መያዝ እንኳ ያስተማርኩት በስንት መከራ!»

«ዝም በል አንተ፣ ትወድቃለህ» አሉት።

ዳግመኛ ሳቡ፣ አሁን ቀስ ብለው። ሰውየው በጎኑ ዞረ። እትዬ በረኪና ቁስሉን ገለጠችው፣ አጎንብሳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጋሽ ቆጣሪም አጠገቧ ሆነው አዩ። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«ከትናንት አልሰፋም» አለች እትዬ በረኪና። «ይድናል አልልም። አልሰፋም።»

ባልዲዋን አንሥታ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር፤ ስድስት ተኩል ላይ እንደገና መገልበጥ አለበት። ጋሽ ቆጣሪ ኮታቸውን አውልቀው ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀሉ።